ዘመድ የሌለው ሞተር

በስደት አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት የሬክስዴል ሰፈር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ፣ የበረራን ሳይንስ በይሉኝታ ያሳደገ አንድ ክቡር ጽሕፈት ቤት አለ። ሥራው በሰሜን ዋልታ አካባቢ በአንዲት የበረዶ ደሴት ላይ ለሚኖሩ አሥራ አንድ ተመራማሪዎች ዕቃ መላክ ነው። ጭነቱ እዚህ ተመዝኖ ይታሸጋል፤ በአውሮፕላን እስከ መጨረሻዋ የሰሜን መንደር ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በረዶ የሚሻገረው በሄሊኮፕተር ነው። ሄሊኮፕተሩ ሦስት መቶ ኪሎ ያነሳል። ሦስት መቶ አንድ አያነሳም። በዚህ ጠባዩ ከሐበሻ ጋር ለመኖር ያልታደለ ፍጥረት ነው።

ሚዛኑን የምትጠብቀው መሰረት ናት። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ደግሞ ልጇ ኤልያና ናት። ዋናው ስንቅ ቀደም ብሎ ሄዷል፤ የዋልታው ረጅም ጨለማ ሳይገባ የቀረው አንድ በረራ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ኤልያና ደወለች። ከጣቢያው ሁለት ማሞቂያዎች አንዱ ቆሟል፣ ሌላውም እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል።

“ማሚ፣ የማሞቂያው ሞተር በዚህ ፍላይት ካልመጣ እስከ ኤፕሪል ሌላ የለም። ባት ዶንት ዎሪ” አለቻት።

መሰረት አርባ ስድስት ኪሎ የሚመዝነውን ሞተር የዝርዝሩ አናት ላይ ጻፈች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጽሕፈት ቤቱ እንደማንኛውም ጽሕፈት ቤት ተራ ሆኖ በቀረ ነበር።

ግን ልጅቷ በብርድ አገር መሆኗ ዌስተን ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን ተሰማ። ሐበሻ መንገደኛ ካየ እጁ አያርፍም፤ መንገደኛው ሄሊኮፕተር ቢሆንም። በርበሬው መጣ፣ ሽሮው መጣ፣ የመጋዘኑ ክብረት ዳቦ ቆሎ ጨመረ። አንዲት የኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ባለሱቅ ፀሐይ እንዳያቃጥላት ብላ ጃንጥላ ላከች። እንቁ የምትባል ወዳጅ ደግሞ ወጡ እንዳይበላሽባት በማሰብ ወደ ሰሜን ዋልታ ማቀዝቀዣ ላከች። ሁሉም ሲያስረክቡ “ትንሽ ነገር ናት” ይላሉ። የእንቁ ትንሽ ነገር ሚዛን ላይ ስትወጣ ሃያ ሁለት ኪሎ ሆነች።

መሰረት እምቢ እንዳትል ዕቃው ለገዛ ልጇ ነው። ባሏ የሞተ ጊዜም አርባ ቀን ሙሉ ከቤቷ ያልጠፉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ጭነቱ ሞተሩን ጨምሮ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ኪሎ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ አቶ በየነ ስብሰባ ጠሩ። እሳቸውም የጽሕፈት ቤቱን አሥረኛ ዓመት የሚዘክር፣ ሃያ ሁለት ኪሎ የሚመዝን የእብነ በረድ ሐውልት አስቀርጸው ከጭነቱ ጋር አስመዝነው ነበር። “ጭነት ኪሎ ብቻ አይደለም፤ ክብርም ይጫናል” ብለው ንግግር ከፈቱ፤ ከሁለት ሰዓት ውይይት በኋላም መመሪያ ወጣ። ጭነቱ በላኪው ዕድሜ ቅደም ተከተል ይጫናል፤ ሦስት መቶ ሲሞላ የተረፈው ኤፕሪልን ይጠብቃል።

“ሞተሩስ፣ ጋሼ?” አለች መሰረት።

“ላኪው ማን ነው?”

“ፋብሪካው።”

“መቼ ተሠራ?”

“ከሁለት ዓመት በፊት።”

“እንግዲያው ታናሽ ነው፤ ከኋላ ይሰለፍ።”

“ልጆቹ ይበርዳቸዋል።”

“አየሽ መሲ፣ ሞተር ዘመድ የለውም፤ ቢቀር አይቀየምም። የእንቁ ፍሪጅ ቢቀር ግን ለቅሶ እንኳ አትደርሰኝም።”

መሰረት ቤቷ ገባች። ቁም ሣጥኗን ከፍታ፣ ከታጠፈ አራት ዓመት የሞላውን የባሏን ጋቢ አወጣች። ለሰው ያልተናገረችውን ለጋቢውም አልተናገረችም።

በማግስቱ ሰው ሳይገባ ሞተሩን በጋቢው ጠቅልላ ሰፋችው። መዘነችው፤ አርባ ስምንት ኪሎ ሆነ። በጭነት ሰነዱ ላይ እውነቱን፣ “ሞተር፣ አርባ ስምንት ኪሎ” ብላ ሞላች፤ ሰነዱን ከፓይለቱ በቀር የሚያነበው የለም። ሁሉም የሚያነበው ጥቅሉ ላይ የሚንጠለጠለውን ካርድ ነው። እዚያ ላይ “ከእማማ ወለተማርያም፣ ዕድሜ ሰማንያ ስምንት፤ ቋንጣ” ብላ ጻፈች።

እማማ ወለተማርያም የአቶ በየነ እናት ናቸው። አቶ በየነ ካርዱን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አርባ ስምንት ኪሎ ቋንጣ ስንት በሬ እንደሚፈጅ የጠየቀ አልነበረም።

“እማዬ ለእኔ ይህን ያህል ሰጥታኝ አታውቅም” አሉ፣ ትንሽ ከፍቷቸው።

ቋንጣው በመመሪያው መሠረት ከሁሉ ቀድሞ ተጫነ። አርባ አራት ኪሎ ትርፍ ስለመጣ ታናናሾቹ መውረድ ነበረባቸው። በመዝገቡ መጨረሻ የተገኙት አርባ ዓመቷ እንቁና፣ ዕድሜያቸውን አርባ አምስት ብለው ያስመዘገቡት የስድሳ ዓመቱ አቶ በየነ ሆኑ። ማቀዝቀዣውና ሐውልቱ ሬክስዴል ቀሩ።

በሳምንቱ ኤልያና ስትደውል ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። እማማም ተጋብዘው የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ በየነ አስቀድመው፣ ታላቅን የማስቀደም መመሪያቸው በዋልታ ምድር ፍሬ ማፍራቱን በቃለ ጉባኤ አስያዙ።

“ማሚ፣ ጋቢውን አወቅኩት” አለች ኤልያና። ጥቅሉ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድም አንብባ ነበር። ከዚያ የእናቷ ልጅ ናትና፣ “እማማ፣ ባይልኩልን ኖሮ አሥራ አንዳችንም በብርድ አልቀን ነበር። እግዜር ይስጥልን” አለች።

እማማ ወለተማርያም ግራና ቀኝ አዩ። ምንም አልላኩም። ግን ጉባኤው ሁሉ ዓይኑን እሳቸው ላይ ጥሏል፤ በሰው ፊት ምስጋና መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ትንሽ ነገር ናት፣ ልጄ” አሉ። “ልጨምርበት ነበር፤ ኪሎ እንዳይበዛ ብዬ ተውኩት እንጂ።”