የላምበርትሴተር ዙፋን ይገባኛል ባይ

ሹመት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ሹመት አልፈልግም ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህን ለማወቅ ፖለቲካ መማር አያስፈልግም፤ አንድ ዕድር ሊቀ መንበር ሲመርጥ ጥግ ይዞ መቀመጥ ይበቃል። ስሙ የተጠራው ሰውዬ መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ እኔ አልችለውም፣ ስንት ታላላቅ ሰዎች ተቀምጠው!» ይላል። ሕዝቡም ይህንኑ ሲጠብቅ ነበርና «ትችላለህ!» ይለዋል። እምቢ ይላል። ይለምኑታል። ሦስተኛ ሲለምኑት አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ይልና ቤቱ ሲለማመደው ያደረውን ንግግር ይጀምራል። ይህ ውሸት ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ጨዋነት ነው። ገና ሲጠሩት ብድግ ብሎ እሺ የሚል ሰውማ ዓይኑ ካዝናው ላይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

እኔም ይህን ጨዋነት ኦስሎ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስለማይመዘን ማንም አላስጣለኝም። ቢያስጥሉኝ ይሻል ነበር።

የምኖረው ላምበርትሴተር የሚባል ሰፈር ነው። ቀን ቀን አልናብሩ ከሚገኝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሕንጻችንን የምናስተዳድርበት ቦረትስላግ የሚባል የነዋሪዎች ማኅበር አለን፤ ሰው ሳይሞት የሚሰበሰብ ዕድር በሉት። ሊቀ መንበሩ ስቲረሌደር ይባላል። በረዶ ጠራጊ የሚቀጥር፣ ደረጃ ላይ የሕፃን ጋሪ ያቆመውን የሚቆጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምድር ቤቱን አዳራሽ ቁልፍ የሚይዝ እሱ ነው።

የጠቡ ሁሉ መነሻ ይኸው አዳራሽ ነው። ልጆቻችን ክርስትና ሲነሱ ድግሱ እዚያ ነው። ሰው ሲሞትብንም ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያው ነው። ጎረቤቴ አቦይ ገብረ፣ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ከየሰፈሩ የመጣው ሰው እዚያ ባይቀመጥ ኖሮ የት ይቀመጥ ነበር? የእሳቸው ሳሎን እንደሆነ አምስት ሰው ከገባበት ስድስተኛው መስኮት ላይ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ባለፈው ክረምት ራግናር የሚባል ጎረቤታችን አንድ ሐሳብ አመጣ። አዳራሹ አብዛኛውን ቀን ባዶ ስለሆነ የብስክሌት ማስቀመጫ ይሁን አለ። ራግናር ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ትራም ሲነዳ ኖሮ አሁን ብስክሌት የሚወድ ሰው ነው። ግን ለብስክሌት ብሎ ለቅሶ ቤቴን ሊወስድ? ይህንንስ አልችለውም! ስለዚህ ስቲረሌደር መሆን እንዳለብኝ ቆረጥኩ። ስሜን ለአስመራጮቹ የሰጡልኝም አቦይ ገብረ ናቸው።

የምርጫው ዕለት ሰብሳቢዋ ስሜን ጠርታ ፈቃደኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። «ኔይ፣ ኔይ፣ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ» ብዬ በቋንቋቸው እምቢ አልኩና መሬት መሬቱን እያየሁ መለመኔን ጠበቅሁ።

ማንም አልለመነኝም። ሰብሳቢዋ ስለ ግልጽነቴ አመሰግናለሁ አለችኝና ወደ ራግናር ዞረች። ራግናር «ጃ»፣ እሺ፣ አለ። በቃ፣ አንድ ጃ! ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ «በሞቴ» የሚባል ነገር የለውም። አንዴ አልበላም ካልክ ሳህኑን ያነሱልሃል፣ አንተም ተርበህ አመስግነህ ትወጣለህ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ኖሮ፣ እንግዲህ የሚቀጥለው ለቅሶ ሲመጣ ጨዋነትህን አንጥፈህ ተቀመጥበት አለችኝ። እራት አልበላም ብዬ ተኛሁ። እሷም አልለመነችኝም፤ አገሩን ለምዳለች።

በማግስቱ አቦይ ገብረ ሊያጽናኑኝ መጡ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሥራቸው የድሮ ታሪክ ማንበብ ነው፤ ማጽናኛቸውም ከዚያው ነው የሚቀዳው። «ስማኝ ወደይ፣ ልጄ» ብለው፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለነበረ አንድ ፈረንሳዊ ባላባት አጫወቱኝ። ሰውዬው በእናቱ በኩል ከባሕር ማዶ ያለው የኢየሩሳሌም መንግሥት ይገባኛል የሚል ነው። ንጉሡ ሕፃን ስለነበር በስሙ የሚያስተዳድር ሰው ተፈለገ። ለንጉሡ በዘር የሚቀርቡት ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ታላቂቱ ስለሞተች ወረፋው የልጇ የፈረንሳዊው ነበር። እሱ ግን ታናሺቱ እህት፣ አክስቱ፣ በሕይወት እያለች ቀድሟት መግባት አልፈለገም፤ ተወላት። አክስቲቱ ስትሞት የገዛ ልጇ ተነስቶ ወንበሩ የእኔ ነው አለ። ፈረንሳዊው በዚህ ጊዜ ነቃ። መኳንንቱ ፊት ቆሞ ተሟገተ፣ ተከራከረ፤ ተረታ። ከዚያ በኋላም እድሜውን ሙሉ ይገባኛል ማለቱን አልተወም፤ መብቱን ለሌላ ንጉሥ ሊሸጠው እንኳ ሞክሮ ነበር ይባላል። የሚያስቀው ደግሞ፣ አሉ አቦይ ገብረ፣ ያ ሁሉ ክርክር ሲደረግ ከተማዋ ኢየሩሳሌም ራሷ በእጃቸው አልነበረችም።

የነገሩኝ እንድተወው ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፣ የሰው አገር ወንበር ለእኛ ምን ይሆነናል ለማለት ነው። እኔ ግን ከታሪኩ ሌላ ትምህርት አገኘሁበት። ሰውዬው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? መሟገቱ ላይ ነው? በጭራሽ! ጥፋቱ አክስቱን ማክበሩ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከእሱ በብዙ እሻላለሁ፤ የእኔ ኢየሩሳሌም ማሞቂያዋ እየሠራ እዚሁ ምድር ቤት አለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ራግናር ቤት ነው። ወንበሩ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። አንተ እኮ ኔይ ብለሃል አለኝ። የመጀመሪያው ኔይ ነው አልኩት። ራግናር ብዙ አሰበ። ከዚያ ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ «ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት እንደሆኑና ሦስተኛው ልመና ላይ እሺ እንደሚባል አስረዳሁት። የማኅበሩን ደንብ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ፈተሸና ስለ ኔይ ብዛት የሚል ነገር እንደሌለበት በትሕትና ገለጸልኝ። ነዋሪው ከፈረመልህ ግን አስቸኳይ ስብሰባ ማስጠራት ትችላለህ ብሎ ተቃዋሚው ራሱ መንገዱን አሳየኝ። እንዲህ ዓይነት ጠላት ያናድዳል። ሰው እንዴት ይጠላው?

ከሥራ መልስ ደረጃ ለደረጃ እየወጣሁ አስፈረምኩ። የሥራ ጫማዬን ሳላወልቅ በየበሩ እየቆምኩ የአንድ ሕዝብ ጨዋነት መዋረዱን አስረዳሁ። ገሚሱ አምኖኝ ፈረመ፤ ገሚሱ በሩ ክፍት ሆኖ ብርድ ስለገባበት ፈረመ። ፊርማ ፊርማ ነው።

አስቸኳይ ስብሰባው ላይ ተነስቼ ተሟገትኩ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው ኔይ ሰላምታ ነው አልኩ። ሁለተኛው አክብሮት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስትለምኑን ግን እሺ እንላለን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚተወን ሰው ከመጀመሪያውም አልፈለገንም ማለት ነው፣ እናም እናንተ እኔን አልጠየቃችሁኝም አልኩ። ኖርዌጅኛዬ እንደዚያን ቀን ሮጦልኝ አያውቅም፤ ንዴት ጥሩ አስተማሪ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው አሮጊት ቢርጊት እጇን አወጣች። ለገና ኬክ ይዤልህ መጥቼ ኔይ ስትለኝ፣ ትፈልግ ነበር ማለት ነው? አለችኝ። በሕዝብ ፊት ምን ይባላል? ጃ፣ አልኳት፤ በሩን ዘግቼ ኮቴሽ ሲርቅ ስሰማ ነበር። ቢርጊት እንባዋ መጣ። ኬኩን ወስዳ ብቻዋን እንደበላችው ተናዘዘች። ከኋላ አንድ ፓኪስታናዊ ጎረቤታችን ተነስቶ እኛም እንደዚያው ነን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስንራብ ኖርን አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ራግናር ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

ሰብሳቢዋ እንደገና ጠየቀችኝ። አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ «ጃ!» አልኩ። እናቴ ብትሰማኝ በኀፍረት መሬት ይዋጠኝ ትል ነበር፤ ግን ጨዋነትን ሞክሬ ያየሁት ነው። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አሸነፍኩ። ራግናር ራሱ ሳይቀር እጁን አውጥቶልኛል። ቁልፉን ሲያስረክበኝ ያንን ወግ ስላስተማርኩት አመስግኖ ከዚህ በኋላ ሁላችንም እንጠነቀቃለን አለኝ። ባለቤቴ ሹመት ያዳብር አለችኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ ግን መብላት አላማረኝም። ያቺን አዳራሽ ብቻ! በዚህ አገር ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ የሰው ለቅሶ የማይፈናቀልበት አንድ በር ቁልፉ ኪሴ ገባ። ደስታዬን አልደብቅም፤ የዚያን ዕለት ማታ ቁልፉን ትራስ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት።

የመጀመሪያው በረዶ ሊጥል ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምድር ቤት ብወርድ አዳራሹ በር ላይ ሰልፍ ጠበቀኝ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል። ራግናር ከፊት ነው። ለክረምቱ ብቻ ብስክሌቶቹን ማስገባት ይቻል እንደሆነ በጣም በትሕትና ጠየቀኝ።

በሩን በጀርባዬ ከለልኩት። «ኔይ» አልኩ። ይህ ኔይ ከአንገት በላይ አልነበረም፤ ከሆዴ የወጣ ነው። አዳራሹ የሰው እንጂ የብረት አይደለም፣ እኔ ስቲረሌደር እስከሆንኩ ድረስ አንድ ጎማ አይገባበትም አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ቅር ያለው ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም ፊታቸው በፍቅር በራ። ቢርጊት ቀረብ ብላ ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ እባክህ ውዴ፣ እንደምትፈቅድልን እናውቃለን አለችኝ።

«ኔይ!» ብዬ ጮኽኩ። ስጮኽ ደግሞ እጄ፣ የለመደበት ነውና፣ ደረቴ ላይ አረፈ።

ራግናር ወደ ሰልፉ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ታገሡ፣ ገና ሁለተኛው ነው» አላቸው።