ማቆሚያ የሌላት ብስክሌት

በሬ የገዛ ሰው ገመድ መግዛቱ አይቀርም፤ ገመድ የገዛ ደግሞ ካስማ ይፈልጋል። ይህን ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ብስክሌት የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ገዝቼ ጨረስኩ ብሎ ነው የሚያስበው። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ለካ ብስክሌት እንደ አማት ናት፤ ቤት ከገባች በኋላ ነው ምን ምን እንደሚጎድልህ የምትነግርህ። (የእኔዋ አማት ባሕር ዳር ናቸው፤ እሳቸውን አላልኩም።)

ነገሩ የጀመረው በግምገማ ነው። ያን ጊዜ በእኛ ዞን ከጤፍና ከበቆሎ ቀጥሎ በብዛት የሚመረተው ግምገማ ነበር። እኔ ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ፣ አንድ ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ አንድ ዳገት ወጥቶ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የምኖረው ግን ከተማ ነው። ባለቤቴ የሺ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ የተጋባነውም በዚያው ዓመት በጥር ነው። ጠዋት ጠዋት በእግሬ ገስግሼ ስደርስ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ፣ መዝሙሩ አልቆ፣ ተማሪው ክፍል ገብቶ መረበሽ ጀምሯል። ርእሰ መምህራችን በየካቲቱ ግምገማ ላይ ይህን አነሡት። እኔም እንደ ደንቡ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ ሂሴን ዋጥኩ። መዋጤ አላረካቸውም መሰለኝ፣ ጨመሩልኝ። ከፋሲካ በኋላ ሰንደቅ ሳይሰቀል ካልደረስኩ ከተማውን ትቼ እዚያው ግቢ ውስጥ እንድኖር ይወሰናል አሉ። የግቢው ማደሪያ ደግሞ ለወንደላጤ መምህራን የተሠራ፣ ሦስት አልጋ በአንድ ክፍል የተደረደረበት ነው። የሺን የት ላድርጋት? በጥር የተዳረ ሰው በፋሲካ ወንደላጤ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈራሁ። ማታ ማታ ከሚስቴ ጋር ራቴን መብላት ፈልጌ ነው፤ ሌላ የተደበቀ ዓላማ አልነበረኝም።

ስለዚህ ሰው ሁሉ «ማውንቴን» የሚላትን ባለማርሽ ብስክሌት፣ ያገለገለች፣ ገዛሁ። ገዝቼም ወደ ጌታሁን ወሰድኳት።

ጌታሁን መናኸሪያው አጠገብ ባሕር ዛፍ ሥር ካላማዳሪ የሚለጥፍ፣ ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነው። በእሱ ዓይን እግዜር የፈጠረው ዕቃ ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ኦርጅናልና ቻይና። ብስክሌቴን ገልብጦ አያትና ከንፈሩን መጠጠ። እንደ ሐኪም መቼ ነው የጀመራት ሊለኝ ምንም አልቀረው። ፍሬኗ ቻይና ነው አለኝ። ካቴናዋም ቻይና ነው። ጎማዋ ለአስፋልት እንጂ ለገደል አይሆንም። የፊት ጎማዋን የያዘው ፎርኬላ ባለሞላ ካልሆነ ደግሞ ወንዙ ጋ ስደርስ ክንዴ ከትከሻዬ ተነቅሎ እንደሚቀር በእርጋታ አስረዳኝ። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ክንዴን እፈልገዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ፍለጋ ሆነ ሥራዬ። ጥርሳሙ ጎማ ከቡሬ መጣ። ባለሞላው ፎርኬላ ከደምበጫ ተገኘ። ማርሹን የአውቶቡስ ሾፌር ከባሕር ዳር ይዞልኝ መጣ፤ ፍሬኑን ጌታሁን ራሱ ከየት እንዳመጣው ሳይነግረኝ፣ ኦርጅናል ነው ብቻ ብሎ ገጠመው። በመጨረሻ ብስክሌቴ ከየወረዳው ተወካይ ያላት የዞን ምክር ቤት መሰለች። ወደ ማብቂያው ላይ ጌታሁን ከሥሯ ያለችውን ማቆሚያ ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ይህ ነገር ይከብዳል አለኝ። ፈረንጅ ማውንቴን ላይ ማቆሚያ አያደርግም፤ ወይ ይነዳል ወይ ይወድቃል እንጂ መሐል ላይ ቆሞ አያውቅም አለኝ። እኔም ከማቆሚያዋ የሚከብድ ምሳ በጀርባዬ ተሸክሜ እንደምሄድ ረስቼ እውነት ነው አልኩና፣ ማቆሚያዋን ለእሱው ሰጠሁት።

የሺ ባሕር ዳር ተወልዳ በብስክሌት ትምህርት ቤት እየተመላለሰች ያደገች ናት። ይህን ሁሉ አይታ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ማቆሚያዋስ አለችኝ። ጌታሁን ያለኝን ነገርኳት፤ ስለ ፈረንጅ ሁሉ። እሷም እሺ አለችኝ። የጎጃም ሴት እሺ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ባል ለመሆን ገና አዲስ ስለነበርኩ አላውቅም ነበር።

ብስክሌቷ ተዘጋጀች፤ መንገዱ ግን አልተዘጋጀም። ያ ቁልቁለት ከብት የቦረቦረው፣ ክረምት የላጠው፣ ድንጋዩ ጥርስ ያወጣ አቋራጭ ነው። ከእኔ በቀር የሚሄድበት ሰው የለም፤ አገሬው በላይ በኩል ዞሮ በደልዳላው ይሄዳል። በመጀመሪያው ሙከራ እኔ እሷን የተሸከምኩበት እሷ እኔን ከተሸከመችበት በለጠ። ስለዚህ አያ ይስማው ዘንድ ሄድኩ።

አያ ይስማው ቁልቁለቱ ላይ ቤት ያላቸው፣ በአካባቢው ያልታረቀ ሰው ቢኖር እሳቸው ያልተጠሩበት ብቻ ነው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ነገሬን ካዳመጡኝ በኋላ መንገድ በደቦ ነው የሚሠራ፣ ጉልበቱ ኸኛ፣ መሣሪያው ኸንተ፣ አሉኝ። የእነሱ ዶማ በእርሻ አልቋል።

መሣሪያ መምረጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያብለጨልጭ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ዶማ አለ፤ ለፎቶግራፍ ጥሩ ነው። ድንጋይ ሲነካ ግን እንደ ቄጠማ ይታጠፋል፤ አንዱን እዚያው ሱቁ በር ላይ ሞክሬ ከባለሱቁ ጋር ተጣላሁ። በኋላ አንድ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራቸውን ዶማዎች ገዛሁ። እጀታቸውን ከወይራ አስገባሁ። ድንጋይ የሚፈነቅል ድጅኖ ጨመርኩ፤ አካፋ ጨመርኩ፤ አፈር የሚያመላልስ ባሬላ አሠራሁ። ብስክሌቷ ያስለመደችኝ አመል ስለሆነ ኦርጅናል ነው ወይ ብዬ መጠየቅም አልቀረኝ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ከበዓል በዓል መካከል አፈር የሚነካበት ቀን ፈልጎ ማግኘት ራሱ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ቢሆንም ተገኘ። ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ቆፍሮ፣ ከዚያ የሺ የጠመቀችውን ጠላና ያዘጋጀችውን ሽሮ እየቀማመሰ ይሄዳል። ጭቅጭቅ የተነሣው መንገዱ በየት ይለፍ በሚለው ላይ ነው። እኔ ዝም ብሎ ይውረድ አልኩ። አያ ይስማው ዝም ብሎ የሚወርድ መንገድ ሐምሌ ላይ ወንዝ ይሆናል አሉ፤ መጠማዘዝ አለበት፣ በጎኑም ቦይ ይቆፈርለት። ሌሎቹ ደግሞ ደቦ የወጣ ሰው ሁሉ መንገዱ በደጁ ሊያልፍ ይገባል አሉ። አያ ይስማው አሰቡና ሁለቱን አስታረቁት፤ መንገዱ ከአንዱ ደጅ ወደ አንዱ ደጅ እየተጠማዘዘ ይውረድ። እኔም ደስ አለኝ፤ ጠመዝማዛ ለብስክሌት ምን ያህል እንደሚመች ለጌታሁን ሄጄ አወራሁለት። ምን እየተቆፈረልኝ እንደሆነ ልቤ አላወቀም።

መንገዱ አለቀ። እንዴት ያለ መንገድ መሰላችሁ። ስላማረም አገሬው ደልዳላውን ትቶ በሱ መሄድ ጀመረ። አህያ የጫነው፣ ገበያ የሚሄደው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ሁሉም እዚያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰላምታ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል። ብስክሌት በቅሎ ናት ወይስ አይደለችም የሚለው ጥያቄ በዚያ መንደር አንዴ ተነሥቶ ወዲያው ተወስኗል፤ ይቀመጡባታል፣ እግር ይንጠለጠልባታል፣ ስለዚህ በቅሎ ናት። ከወረዱ በኋላ ደግሞ ሰላምታው ሁለት እጅ ይጠይቃል። እንዴት አደሩ ይባላል፤ ቤተ ሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው በየተራ ይጠየቃል። ያንን መንገድ የቆፈረልህ ሰው ከሆነ ማሳጠር አይቻልም።

ከዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ርእሰ መምህሩ በቀጠሩኝ ሰኞ፣ ማለዳ ተነሥቼ ቁልቁለቱን ለቀቅኳት። ጎማው ይነክሳል፤ ሞላው ያረግባል፤ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል። ሰንደቁ ሳይሰቀል እንደምደርስ እርግጠኛ ሆኛለሁ። ሁለተኛውን ጠመዝማዛ ስታጠፍ አያ ይስማውና ሌሎች ሽማግሎች ከፊቴ እየመጡ ነው። ልውረድ ብዬ የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩት። ጌታሁን አልዋሸም፤ ፍሬኑ ኦርጅናል ነበር። ብስክሌቷ ባለችበት ቀጥ አለች፤ እኔ ግን መንገዴን ቀጠልኩ። በእጀታዋ ላይ አልፌ፣ በአየር ላይ ጥቂት ተጉዤ፣ አያ ይስማው እግር ሥር በግንባሬ ወደቅኩ። እሳቸው ደነገጡ፤ ከዚያ እጄን ይዘው እያነሡ፣ ልጄ ይኸን ያህል የሚሰገድ ለጳጳስ ነው፣ ለኛ ጎንበስ ማለቱ ይበቃል አሉኝ። የምር ይሁን የቀልድ እስካሁን አላወቅኩም። ወሬው ግን እንደ ምር ተወራ። አስተማሪው ሽማግሌ አክባሪ ነው ተባለ።

አክባሪ የተባለ ሰው ደግሞ ስሙን መጠበቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ሰው እወርዳለሁ። ብስክሌቷን በምን ላቁማት? በአንድ እጄ ይዣት በአንድ እጄ ሰላም ልበል ብል ነውር ነው። ብለቃት ቦዩ ውስጥ ትገባለች፤ ይደረግ ብዬ አብሬ የቆፈርኩት ቦይ። አጥር ላይ ባስደግፋት የግራር እሾህ ነው፤ ሰላምታው ሳያልቅ ጎማዋ ፍስስ ትላለች። እየለጠፍኩ፣ እየነፋሁ፣ እያነሣሁ፣ በእግሬ ከምደርስበት ሰዓት ይብስ ዘግይቼ መድረስ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለእኔ ነው።

ሽማግሎቹ ይህን ሰሙና አዘኑ። ተሰብስበው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዱ። ይኸ ልጅ የሚዘገየው እኛን ሰላም ሲል ነው፣ ሳይሳለም እንዲያልፍ ነው የሚፈልጉ ብለው ጠየቋቸው። ርእሰ መምህሩም ኧረ አይደለም፣ ግን ሰንደቅ አይጠብቅም፣ እዚሁ ቅርብ ቢኖር ነው የሚሻለው አሉ። የግቢው ማደሪያም ለባለትዳር እንደማይሆን ራሳቸው አመኑ። ሽማግሎቹ ይኸማ ቀላል ነው ብለው ተነሡ።

አንድ ጠዋት ስደርስ ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ ምሰሶ ቆሟል። ጉድጓዱ የተቆፈረው በእኔ ዶማ ነው። ማዕዘኑ ላይ የነበረውን ቋጥኝ የፈነቀለው የእኔ ድጅኖ ነው። ጭቃው የሚመላለሰው በእኔ ባሬላ ነው። አያ ይስማው ላባቸውን እየጠረጉ ለሚሽትህም ለአንተም ነው፣ ኸንግዲህ አትንገላታ አሉኝ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። ከሚስቴ ጋር ከተማ ለመኖር በገዛሁት መሣሪያ ገጠር ቤት ተሠራልኝ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ደግሞ ሰው እንዲህ ሲወደኝ አይቼ አላውቅም፤ ልቤ ተነካ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጭቃውን አብሬ ረገጥኩ።

ለየሺ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ስነግራት ሳቀች። ለእኛ የተሠራ ቤትማ ባዶ አያድርም፣ እገባለሁ፣ ሥራዬንም አልተውም አለች። ብስክሌቷን ስጠኝና እኔ ልመላለስባት አለችኝ። በማግሥቱ ጌታሁን ዘንድ ሄዳ አንድ ዕቃ ብቻ ጠየቀችው፤ ማቆሚያ። እሱም ከቆርቆሮ ሳጥኑ አንድ አውጥቶ ኦርጅናል ነው ብሎ ሸጠላት። አየሁት፤ የእኔው ነው፣ በነፃ የሰጠሁት።

አሁን የሺ ማለዳ ትነሣለች። ሽማግሌ ስታገኝ ትወርዳለች፤ ማቆሚያውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ብስክሌቷን ታቆማታለች፤ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ሰላም ትላለች፤ የቀረውን ማታ ስመለስ እንጨዋወታለን ትላለች፤ ማታም ቁጭ ብላ ትጫወታለች። መሥሪያ ቤቷ በሰዓት አክባሪነት አመስግኗታል።

እኔ? እኔ ደወሉ ከአልጋዬ ይሰማኛል። ነገር ግን በእኔ ደጅና በሰንደቁ መካከል የሁለት ጎረቤት ደጅ አለ፤ ሁለቱም ለግድግዳዬ ጭቃ የረገጡ ናቸው። መንገደኛ ሳለሁ ቆሜ ሰላም ብል ይበቃ ነበር፤ ጎረቤት ግን ገባ ይባላል፣ ቁጭ ይባላል፣ አንድ ነገር አፉ ላይ ሳያደርግ አይወጣም። ባለፈው ግምገማ ርእሰ መምህሩ ስለ እኔ ረዘም ያለ ሐሳብ አቀረቡ። ከተማ ሳለሁ ቢያንስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ እደርስ ነበርና፣ ተመልሼ ፍኖተ ሰላም እንድኖር ይወሰን አሉ። እኔም ሂሴን ዋጥኩ።