የሴቶች የገና ቡድናችን አንድና ብቸኛ ሽንፈት

የክለብ ታሪክ ሲተረክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዋንጫ ነው። መጀመሪያ ዋንጫ፣ ቀጥሎ ዋንጫውን አቅፈው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ደግሞ ከፎቶግራፉ መሀል ተገትሮ የሚታይ፣ በዕድሜው ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሹም። የተሸነፈ ሰው ታሪኩን ማን ይጠይቀዋል? እሱም ቢሆን ሳይጠየቅ አይናገርም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ካላወቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን ካልተናገርሁም እንደዚያው። ስለዚህ ዋንጫም ፎቶግራፍም የሌለው የቡድናችንን ታሪክ ላውጋችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማው ናዝሬት፣ አዳማ ማለቴ ነው። በዚያን ጊዜ በከተማችን ከዝናብ በስተቀር ሁሉም ነገር ከላይ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ መመሪያ ወረደ፦ እያንዳንዱ ቀበሌ ለሴቶች ቀን የሚደርስ የሴቶች የስፖርት ቡድን ያቋቁም። ቀበሌያችን የነበረችው አንዲት ኳስ በግራር እሾህ ተወግታ ካረፈች ቆይታለች። መረብም የለ። ታዲያ ሊቀመንበሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ገና ይጫወቱ!»

እዚህ ላይ ሊቀመንበሩን ላስተዋውቃችሁ። ጓድ ከመባሉ በፊት የምንጃር ልጅ ነበር፤ በአገሩ ደግሞ ገና በመምታት የታወቀ። ገናን በዓሉን ብቻ ለምታውቁ ሰዎች ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይያዛል፣ ሩር የምትባል የእንጨት ኳስ መሀል ትጣላለች፣ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ እየተጋፋ ይመታታል፤ ሩሯን ከባላጋራው መስመር ያሳለፈ ወገን አሸነፈ። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም እያወረደ ይሰድባል፤ ተሸናፊው ሹምም ቢሆን ባለጸጋም ቢሆን ስቆ ይቀበላል እንጂ አይቀየምም፣ በማግሥቱም ነገሩን የሚያነሣ የለም። የእኛ ሊቀመንበር ከምቱ ይልቅ በዚህ በስድቡ ነበር ስሙን ያተረፈ። ስብሰባ ሲመራ እንኳ ግጥም ሲመጣለት ከንፈሩ ሲላወስ እናየው ነበር፤ መፈክር ስለሚያሰማ ይውጠዋል።

የጨዋታው ስም ግን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ ተብሎ «የጭቁኖች የዱላ ኳስ» ተባለ። እኛ ገና ማለታችንን አልተውንም። ሴት ልጅ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ዱላ ትይዝ የነበረው ውሻ ለማባረር ነው፤ ስለዚህ መዝጋቢ ተደርጌ ስቀመጥ (አዲስ መምህርት ነበርሁ፣ መጻፍ ትችላለች ተብዬ ነው) ፈቅዶ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። መጀመሪያ የመጣችው እትዬ አስካለ ናት። እኔም ደነገጥሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ የልብስ ሰፊው የአቶ ግርማ ሚስት ናት። አቶ ግርማ በአንድ ረጅም ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ይህ ስብሰባ ስንት ሰዓት ያልቃል?» ብሎ ጠየቀ። ለእሱ ያኔውኑ አለቀለት፤ ጠባቂዎቹ ይዘውት ሄዱ። ሚስቱ ለቀበሌው እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ፣ አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። የዚያን ዘመን ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ሰውዬው ወይ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ወይ ከእንግዲህ አይበላም፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግር የለም፣ ልጠይቅ ማለትም ባልን መከተል ነው። ዘመዶቿ ቀሚስ ጥቁር አስነክረው አመጡላት፤ «እርምሽን አውጪ» አሏት። ቀሚሱን ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሚስት ልትባል አልቻለችም፣ የሟች ሚስትም አይደለችም። ከቤት መውጣት ያቆመች ይህች ሴት ናት እንግዲህ ዱላ ይዛ የመጣችው።

ልምምድ ላይ አላስቻለኝም። «እትዬ አስካለ፣ ይሄ ጨዋታ ምንሽ ነው?» አልኋት።

«ካሸነፍን እኔ የቡድኑ አለቃ አይደለሁ? እንደ ደንቡ ሊቀመንበሩን የምሰድበው እኔ ነኝ» አለችኝ። «በስብሰባ ብጠይቀው ያስረኛል። በገና ብጠይቀው ግን ምን ይለኛል? እሱ ራሱ የገና ሰው ነው።»

ግጥሟን አዘጋጅታ ጨርሳለች፦

እንኳንስ ሩሩ፣ ሰው ጠፋ ከደጅህ፣
ግርማን ወዴት ጣለው ያ ረጅሙ እጅህ?

ይህን ከሰማን በኋላ ልምምድ የሚቀር ጠፋ። በተለይ ሎሚ። ሎሚ ከአርሲ ነገሌ መጥታ ገበያ ላይ እህል የምትሸጥ፣ ኩንታል ብቻዋን የምታነሣ ሴት ናት። «እኛ አገር ወንዶቹ ቂሌ ይሉታል፣ እኔ ከብት ስጠብቅ አይቼዋለሁ፤ ሩሯን ለኔ ብቻ ተዉልኝ» ትል ነበር። እውነትም ሎሚ ከመታች ሩሯን ከቁልቋል አጥር ውስጥ ነበር የምንፈልጋት።

ሌላ ቀበሌ ገና የሚጫወት የሴት ቡድን ስላልተገኘ ሊቀመንበሩ የራሱን ኮሚቴ አሰለፈብን። የሴቶች ቀን ደረሰ። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ማን የማን ወገን እንደሆነ እስኪጠፋን ድረስ ያለብሰን ነበር። ኮሚቴው ቦርጭ ያበዛል፤ እኛ ኮንጎ ጫማችንን አውልቀን ጥለን በባዶ እግራችን እንሮጣለን። አንድ ጊዜ ያሳለፈ ያሸንፋል ነው ስምምነቱ። ብዙ ተጋፋን። በመጨረሻ ሎሚ የንብረት ክፍሉን ኃላፊ በትከሻዋ ገፍትራ ሩሯን ለእትዬ አስካለ ለቀቀችላት። ከፊቷ ማንም የለም። መስመሩ እዚያው ነው፤ እኔ ብሆን እንኳ አልስተውም።

ሊቀመንበሩ ከኋላዋ እያለከለከ ይመጣል። እትዬ አስካለ ዞር ብላ አየችው። እኔም አየሁት። ከንፈሩ እየተላወሰ ነበር። ከዚያ ዱላዋን አነሣች፣ መታች፣ አቧራ ቦነነ። ሩሯ ካለችበት ፈቀቅ አላለችም።

ሊቀመንበሩ ቀማትና እስከ መስመራችን ድረስ እየነዳ ሄዶ አሳለፋት። ሎሚ «ያ ረቢ!» ብላ ዱላዋን ወረወረች። እኔ በንዴት አለቀስሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ በቃላችን ያጠናነው ግጥም ሳይባል ሊቀር ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሊቀመንበሩ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ያለፉትን የመፈክር ዓመታት ሁሉ የረሳ ፊት ይዞ፣ የተሸናፊዎቹ አለቃ ፊት ቆመ። እንደ አገሩ ደንብ ድምፁን ለቀቀው፦

ባልሽ ይሻልሻል፣ ዱላ ሳይነካ፣
ነገሌ ቁጭ ብሎ ድንች ይልጣል ለካ!

ሰዉ ሳቀ። ሴቷ ዱላ ስታነሣ ወንዱ ድንች ሲልጥ፤ እንዴት አይሳቅ? ከዚያ ሳቁ ከዳር ከዳር እየቀነሰ ሄዶ ቀጥ አለ። ሊቀመንበሩ አፉን እንደከፈተ ጠባቂዎቹን አያቸው፤ ጠባቂዎቹ ጫማቸውን አዩ። እስቲ ፍረዱ፤ ቢሮው በሙሉ ስንት ጊዜ የጠበቀውን ምስጢር ሰውዬው ቤት ለመምታት ብሎ ዘረገፈው። እኔ ግን በሰውዬው አልፈርድም። እንደዚያ የሞላ ግጥም አፍ ላይ ከመጣ በኋላ የሚውጠው ማን ነው? መልሶ እንዳይሽረው ደንብ አይፈቅድ፤ እንዳይቆጣ ተሳዳቢው ራሱ ነው። ለራሱ አጨበጨበና ቀስ ብሎ ሄደ።

እትዬ አስካለ ተሸናፊ የሚያደርገውን አደረገች። ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆም ብሎ ሎሚና እኔ ደግፈን ቤቷ አደረስናት። የዱላ ኳስም ብዙ ሳይቆይ የፊውዳል ቅሪት መሆኑ ተደረሰበትና ቡድናችን ፈረሰ።

ከግጥሚያው በኋላ ባለው እሑድ ሦስታችን አውቶቡስ ተሳፈርን፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርገን ነገሌ። ሎሚ እህቷ እዚያ ስላለች የእስር ቤቱን በር ጠይቃ አገኘችልን። እትዬ አስካለ ለዘበኛው «የግርማ ቤተሰብ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ ለእኔ እንኳ በግድ ነው የተሰማኝ። ዘበኛው ሳህኑን ተቀብሎ ገባ። መቀበሉ ነው መልሱ። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ሣጥን ውስጥ ስላለው ጥቁር ቀሚስ አስቤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ሳህኑ ሲመለስ ባዶ አልነበረም። የተቀቀለ ድንች ነበረበት። ልጣጩ ወፍሮ ስለተነሣ ግማሹ ድንች አብሮ ሄዷል፤ የቀረውም እዚህም እዚያም የተጎረደ ነው። እትዬ አስካለ አንዱን አገላብጣ አየችው። «እቤቱ ሳለ ቢላዋ ጨብጦ አያውቅም» አለች።

መልስ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዝዋይ እስክንደርስ ታገሥሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አቃተኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ያቺን ሩር ሆን ብለሽ ነው የሳትሻት?»

ድንቹን እያኘከች ወደ ሐይቁ ተመለከተች። ከዚያ አንዱን አንሥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«ጨው ያንሰዋል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ያንሰው ነበር።