የጋሽ በላቸው የጓሮ በር

የጓሮ በር ስሙ የጠፋ በር ነው። ሥራ ሳይገባው የተቀጠረ ሰው «በጓሮ በር ገባ» ይባላል፤ ተራ ሳይጠብቅ ጉዳዩ ያለቀለትም እንዲሁ። እኔ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። የጓሮ በርን የሚከስ አቤቱታ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ስለ ዋናው በር ግን አንድም ቀን ክፉ ጽፌ አላውቅም። እናንተም ብትሆኑ አትጽፉም። ዋና በር ዘበኛ አለው፣ ለበዓል ቀለም ይቀባል፣ እንግዳ ይገባበታል። የሚዘጋም አይመስለንም።

ጋሽ በላቸውም እንደዚያ ያስቡ ነበር። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ሲሆኑ፣ በምንኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም የኛ ብሎክ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። ስብሰባ ሲከፍቱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይሉ አይጀምሩም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእሳቸው በቀር የሚናገር የለም። ግቢያችን የአላፊ አግዳሚ መንገድ ሆነ ብለው፣ በስተጀርባ ወደ ኮብልስቶኑ የምታወጣውን ትንሽ የብረት በር ቆለፏት። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ወደ ታክሲ የምታደርሰን አጭር መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ሆነች። አጉረመረምን። ማጉረምረም የኛ ብሎክ ነዋሪ አንድም ሳይቀር የሚሳተፍበት ብቸኛው ሥራ ነው።

ቀኑ ግንቦት ልደታ ነበር። እንደ ወጋችን ጎረቤቱ ሁሉ ግቢ ወጥቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ንፍሮ እየዘገንን እንጫወታለን። ጋሽ በላቸው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ስለዚያችው በር ያስረዱናል። «በር ማለት...» አሉና ቆሙ። የጨበጡት ንፍሮ በጣቶቻቸው መሃል እየሾለከ ጭናቸው ላይ ተበተነ። ከንፈራቸው በቀኝ በኩል ወደ ታች ወረደ። መጀመሪያ የሳቅን አለን፤ የሚቀልዱ መስሎን።

ቀጥሎ የሆነው ያሳፍራል፤ ቢሆንም እናገረዋለሁ። «ምች ነው!» ብሎ የጮኸ ሰው ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። ፀሐይ ላይ ሲበላ አፉ የተጣመመ ሰው ሌላ ምን ሊባል? «ዳማከሴ!» እያልኩ ከደረጃ ደረጃ ስሮጥ ቆይቼ፣ ከአንዲት ጎረቤት የጣሳ ተክል ቅጠሉን ቀጥፌ፣ አሽቼ፣ ጨምቄ ላጠጣቸው ስል ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች እጄን መቱት።

«ተው እባክህ! እህቴን እኮ ያጣናት እንዲህ ቅጠል ስናሽ ነው። መኪና ጥራ!»

መኪናው በስልክ ተጠራ። ግን ወደ ዋናው በር የሚያመጣው መንገድ ከልደታ ማርያም በሚመለሰው ሕዝብና በቆመው መኪና ከዳር እስከ ዳር ተሞልቷል። «በጀርባ በኩል ኮብልስቶኑ ላይ ደርሻለሁ፤ በዚያ አውጧቸው» አለ ሹፌሩ። ሁላችንም ጋሽ በላቸውን አየናቸው። የበዓል ልብሳቸው ኪስ የለውም። ቁልፉ የት እንዳለ ብንጠይቃቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣም። ዐይናቸው ግን ያውቃል። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ሰው ዐይን ውስጥ አይቼ አላውቅም። እኔም ፈራሁ።

እትዬ አስናቀች የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ቁልፍ ወጣ። ለካ በሯ በተቆለፈች በሳምንቱ ደብቀው አስቀርጸው፣ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ለማድረስ በዚያ ሲወጡ ኖረዋል። አራት ሆነን ተሸክመን ስናሳልፋቸው፣ ጋሽ በላቸው ያን ቁልፍ አዩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የአንጎላቸውን ፎቶ አይታ መጣችና «ዋናው የደም ሥር ተዘግቷል» አለችን። «እስካሁን ያቆያቸው በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ናቸው፤ ደሙን በጎን በጎን እያዞሩ ያደርሳሉ። አንዳንዱ ሰው ብዙ አለው፣ አንዳንዱ ጥቂት። ቀኑ እስኪመጣ አይታወቅም።»

እፎይ ስንል አየችን መሰለኝ። «ግን እነሱም ይደክማሉ። የረጋውን ደም ለሚያሟሟው መድኃኒት ለጥቂት ነው የደረሳችሁት። ቅጠል ምናምን አጠጥታችኋቸዋል?»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል።

ከመሞት መሰንበት ነውና ጋሽ በላቸው ቤታቸው ገቡ። ቀኝ እጃቸው ሰንፏል፤ ቃልም አንድ አንድ እየለቀሙ ነው የሚናገሩት። እኛ የዋሆች፣ ሰው ከሞት አፋፍ ሲመለስ ይለወጣል ሲባል ሰምተን፣ በሯ ትከፈታለች ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን ሐኪሟ ያዘዘችላቸውን የጠዋት እርምጃ ሲወጡ በዚያችው በር ያልፉና፣ በግራ እጃቸው ሲታገሉ ቆይተው መልሰው ይቆልፏታል። እኛም ዞር ሲሉ ከፍተን እናልፋለን። እሳቸው ሆስፒታል ሳሉ እትዬ አስናቀች ቁልፉን ለጠየቃቸው ሁሉ ስላዋሱ፣ ያላስቀረጸ ቤት የለም። ሊቀ መንበሩ ብቻ አያውቁም ብለን ደስ ብሎናል።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ልወጣ ስደርስ ጋሽ በላቸው ከውጭ በኩል ቆመዋል። ቁልፋቸው ከእጃቸው አምልጦ የጎርፍ ቱቦው ውስጥ ገብቷል። የኔ ኪሴ ውስጥ ነው። ባወጣው ቤቱ ሁሉ ይጋለጣል፤ ባላወጣው ሽማግሌው ያን ሁሉ ዙሪያ በከዘራ ሊዞሩ ነው። አወጣሁና ከፈትኩ። እሳቸው አጎንብሰው ገቡ፤ ቁልፉንም እንዳላዩ ሆኑ። ሁለት እርምጃ ሄደው ግን ዞር አሉ።

«አልማዝ...» አሉ። አልማዝ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር የልብ ሕመምተኛ ናት።

«አቤት ጋሼ?»

«እሷም... አላት?»

«አላት» አልኳቸው፣ ቁልፉን እንደጨበጥኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በል... ዝጋት» አሉኝና ሄዱ።