መስኮቱ በርቀቱ ውስጥ ይቆጠር አይቆጠር ስለመባሉ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቦታ፦ የልብስ ስፌት ፋብሪካው መቁረጫ ክፍል፤ የአዳራሹ ቁልፍ ስለጠፋ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ ሒሳብ ሹሟና ጨርቅ ቆራጩ። ሦስት ሰው ስለሚበቃ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊው ይጽፋል እንጂ ድምፅ የለውም። አመልካቿ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ፣ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

አጀንዳ ፩፦ የአመልካቿ ልጅ በባሕር ማዶ ሐሙስ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግላት፣ እናት ዛሬ ማታ ለመብረር ፈቃድ ጠይቀዋል። በደንቡ መሠረት በረራው ከዐሥር ሰዓት ከበለጠ ዐሥር ቀን፣ ካነሰ ሁለት ቀን ይሰጣል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት ይታወቅ ተባለ።

አመልካቿ ቲኬታቸውን አቀረቡ። ሒሳብ ሹሟ አገላብጠው አይተው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተነስቶ በዚያው ማታ አራት ሰዓት ስለሚደርስ በረራው የሁለት ሰዓት ነው፤ ይህንንማ እኛ ታክሲ ስንጠብቅ እናሳልፈዋለን አሉ። አመልካቿ የዚያ አገር ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን፣ መንገዱ ግን ዐሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ አስረዱ። ሰብሳቢው ሠራተኛ ይዘገያል እንጂ አገር እንዴት ይዘገያል ሲሉ ጠየቁ። ቲኬቱ አከራካሪ ስለሆነ ቀርቶ፣ የግድግዳው ካርታ እንዲለካ ተወሰነ።

አጀንዳ ፪፦ ካርታው ግድግዳው ስላልበቃው፣ ቆራጩ ዱሮ ለሁለት ቀደው ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ሰቅለውታል። በሜትራቸው ሲለኩት መስኮቱም አብሮ ተለካ። ሒሳብ ሹሟ መስኮት አገር ስላልሆነ ይቀነስ አሉ።

«እህቴ፣ አውሮፕላኑ የሚሄደው በአየር አይደል? መስኮቱም አየር ነው» አሉ ቆራጩ።

ሒሳብ ሹሟ የተዘጋ መስኮት መስታወት ነው ስላሉ፣ ተከፍቶ እንደገና ተለካ። ለውጥ አልታየም። ቆራጩ በሙያቸው ልማድ በሁለቱም ጫፍ የስፌት ትርፍ ካልተተወ አልፈርምም አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ ግማሽ መስኮት ከነስፌት ትርፉ ተቆጥሮ፣ በረራው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንዲሆን፣ ሁለት ቀንም እንዲሰጥ ተወሰነ።

«ታዲያ ልጄ ነቅታ ሳታየኝ ልመለስ ነው?» አሉ አመልካቿ።

ሒሳብ ሹሟ፣ ጸሐፊው ባለቤቱ ባረፈች ጊዜ ሆስፒታሉ ከመንገዱ ማዶ ስለነበር ግማሽ ቀን ተሰጥቶት አንዳች እንዳላጉረመረመ በአርአያነት ጠቀሱ። ጸሐፊው እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ያን ጊዜ ዝም ያለው በትዕግሥት ይሁን በፍርሃት ራሱን ጠየቀ፤ አጀንዳ ስላልነበረ ውይይት አልተደረገበትም።

አጀንዳ ፫፦ መመለሻው ከቀኝ ወደ ግራ ይለካ ወይስ መሄጃው ይበቃል? ቆራጩ ጨርቅ ከየትም ቢለካ ያው ነው ሲሉ፣ ሰብሳቢው ዳገትና ቁልቁለት አንድ አይደለም ብለው ተከራከሩ። በዚህ መሐል አመልካቿ ቲኬታቸውንና ሻንጣቸውን አንስተው ወጡ። ጸሐፊው አይቷል። አስተያየት ስላልተጠየቀ አልተናገረም፤ በሩን ግን ቀስ አድርጎ ከኋላቸው ዘጋላቸው።

ሰብሳቢው ውሳኔውን ሊያነቡላቸው ዘወር ሲሉ ወንበሩ ባዶ ነበር።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ አመልካች በሌለበት ማመልከቻ ስለማይኖር፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቲኬቱ እንዳልታየ፣ ካርታው እንዳልተለካ ይቆጠር፤ መስኮቱም ይዘጋ።

ስብሰባው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ጸሐፊው ብዕሩን ሲከድን «እግዚአብሔር በሰላም ያድርሳቸው» አለ። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ እንዳይጻፍ አሳሰቡ።

ተጽፏል።