ሐደር ያለ ይጠርጋል

የበደለችኝ ዘምዘም ናት፤ የተበደልኩት እኔ ውቢት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬውን ከእሷ አፍ የሰማ ሰው ገልብጦ እንዳይረዳው ነው። እሷ ስታወራው ውለታ መላሽ ሆና ነው የምትወጣው። ሰው ማስተማር ትርፉ ይኸው ነው። አፍ የሌላት ልጅ አፍ እንድታወጣ ትለፋላችሁ፣ ጉሮሯችሁ እስኪደርቅ ትጮኻላችሁ። ልጅቱ አፍ ስታወጣ ታዲያ መጀመሪያ የምትሞክረው በማን ላይ ይመስላችኋል? በጎረቤት ላይ ነው?

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ ቤሩት ውስጥ የሰው ቤት እያጸዳሁ የምኖር፣ ዕድሜዬን ስጠየቅ ጆሮዬ የሚከብደኝ ሴት ነኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው። ማንበብ ግን አላቋረጥኩም፤ ከአገር ቤት በርበሬ ተጠቅልሎበት የመጣ ጋዜጣ እንኳ እያስነጠሰኝ ጨርሼዋለሁ። በእንግሊዝኛም መዝገበ ቃላቱን እንደ ከዘራ ተደግፌ እሄዳለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲዬ የሚገኘው ዶራ ሰፈር፣ ሳባ ጸጉር ቤት ውስጥ ነው። ሳባ የጸጉር ቤቱ ባለቤት ናት፤ ልጆቹ ለትምህርት ሲመጡ ሹሩባ መሠራታቸው ስለማይቀር ቦታውን በደስታ ሰጠችኝ። ጥቁር ሰሌዳ የለንም፤ ሰፊ መስታወት አለን። ጠመኔም የለንም፤ ማዳሞቼ የሰለቻቸው ሊፕስቲክ አለኝ። ሁለት ሦስተኛን በደማቅ ቀይ የተማረ ሰው አይረሳውም። አንዳንዶቹ ቢጎዲን ጠቅልለው ጸጉር በሚያደርቀው ካስክ ጩኸት ሥር ስለሚቀመጡ እየጮህኩ ነው የማስተምረው። መብራት ሲጠፋና ካስኩ ዝም ሲል ብቻ፣ እኔም እንደ ጨዋ ሰው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ይህን ሁሉ መከራ የምቀበለው ለምን መሰላችሁ? ከተማው ውስጥ እሑድ በነጻ የሚሰጥ ኮርስ ነበር። አረጋውያን መንከባከብና ኮምፒውተር ያስተምራሉ፤ ሲጨርሱም የምስክር ወረቀት አለው። ለመግባት ግን ፈተና አለ፤ ቀላል የእንግሊዝኛ ንባብና ሒሳብ። የእኛ ልጆች እየሄዱ እየወደቁ ይመለሳሉ። ደንቆሮ ሆነው አይደለም። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ፣ ብረት ምጣድ የት እንዳስቀመጡ እንጂ ሌላ ነገር የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔ እያለሁ አንዲትም ልጅ አንገቷን ደፍታ አትመለስም ብዬ ተነሣሁ።

ያስቸገረኝ ሒሳቡ እንዳይመስላችሁ። ያስቸገረኝ ሐደር ነው። ቤሩት ያልኖረ ሰው ካለ፣ ሐደር ማለት እሺ ማለት ነው፤ ግን እሺ ብቻ አይደለም፤ አቤት ወዴትም አለበት፣ አሁኑኑም አለበት። አንዲት ልጅ ከአውሮፕላን ወርዳ ሌላ አረብኛ ሳትለምድ የምትይዛት ቃል እሷ ናት። ማዳም አንድ ነገር ትላለች፤ ምን እንዳለች አይታወቅም፤ ሐደር ይባላል፤ ከዚያ ወጥ ቤት ተገብቶ ይገመታል። አልገባኝም ብትልስ? ማዳም ያንኑ ቃል በእጥፍ ድምፅ ትደግምላታለች፤ ጩኸት አስተርጓሚ ይመስል!

ልጆቹ ይህን ይዘውብኝ ክፍል ገቡ። አንድ እሑድ ክፍልፋይ ላስተምር ብዬ ማንኡሼ ገዛሁ፤ ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ ነው። ለአራት ቆረጥኩት፤ ግማሽ ማለት ስንት ሩብ እንደሆነ እያነሣሁ እየጣልኩ አሳየሁ። ገባችሁ ወይ ብል፣ ከካስኩ ሥርም ከሹሩባው ወንበርም ባንድ ድምፅ ሐደር! አሉኝ። እንዴት ያለሁ አስተማሪ ነኝ ብዬ ራሴን አደነቅሁ። ማንኡሼውን ተካፍለን በላነው። በሚቀጥለው እሑድ ስጠይቃቸው ታዲያ ከሩብ ውስጥ የሚያስታውሱት ዛዕተሩን ብቻ ሆነ።

ያኔ ሕግ አወጣሁ። በክፍሌ ውስጥ ሐደር ያለ፣ የሳባን ወለል ይጠርጋል። ያልገባው ሰው አልገባኝም፤ ድገሚልኝ ይበል። ሳባ ሕጉን እያጨበጨበች አጸደቀች፤ ረዳት የመቅጠር ሐሳቧንም በዚያው ተወች።

ከሁሉ አብልጣ የጠረገችው ዘምዘም ናት። የወሎ ልጅ ናት፤ ፊቷ ለስላሳ፣ ድምፅዋ ካስክ ከተከፈተ የማይሰማ። አሽራፊዬ ሰፈር ውስጥ የማዳም ናዳን አሮጊት እናት፣ ቴታን ነው የምትንከባከበው። ሐደር ካመለጣት እኔ አልናገራትም፤ አፏን በሻሿ ሸፍና ራሷ ሄዳ መጥረጊያውን ታነሣለች። አንድ ቀን ግን ማካፈል እያስተማርኩ ሳለ እጇን ቀስ ብላ አወጣችና፣ እትዬ ውቢት፣ ወላሂ አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ አለች። እልልታውን ልነግራችሁ አልችልም። ስለ ትምህርት ምንም የማታውቅ አንዲት ደንበኛ እንኳ ሰርግ መስሏት ከካስክ ሥር እልል አለች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ማዳም ናዳ ቁጥሬን ከዘምዘም ወስዳ ደወለችልኝ። ሹ ሃይዳ ያ ውቢት፣ ይህ ምንድን ነው፣ ምን አስተማርሽብኝ ብላ ጀመረች። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ማ ፍሂምት፣ ማ ፍሂምት፣ አልገባኝም ብቻ ሆነች አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳም ዘምዘምን ገና በቀጠረቻት ጊዜ፣ ያለ ጨው የተቀቀለው ዶሮ ለቴታ፣ የተረፈው ኪቤ፣ ያ ጨው ያለበት የሥጋ ጥብስ፣ ለድመቷ ብላ አዝዛ ነበር፤ ቴታ ደም ብዛት አለባት። ዘምዘምም ሐደር ብላለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ስታስበው፣ ያለ ጨው የተሠራ ምግብ ለሰው፣ ያውም ለእናት፣ እንዴት ይሰጣል? ስለዚህ ዶሮው ለድመቷ፣ ኪቤው ለቴታ ሲሄድ ኖረ። ይኸው ከዓመታት በኋላ፣ የማን የማን ነው፣ አልገባኝም ብላ ጠየቀቻ! ለካ ቴታ ነገሩን ታውቀዋለች፤ ኪቤዋን እየበላች ጭጭ ብላለች። በአሽራፊዬ እንደ ድመቷ ያለ ጤነኛ ድመት አልነበረም።

ማዳም፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ እሑድ መውጣት የለም አለች። እኔም ታገሥኩና፣ ማዳም፣ ልጅቱ ዛሬ አይደለም ያልገባት፤ ዛሬ የሰማሽው አንቺ ነሽ አልኳት።  ከዚያ መርሲ ብላ ዘጋችው። ዘምዘም በእሑዱ መጣች። በዚያ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ስሜን ሲሰማ የሚከፋው አንድ ሰው ቢኖር፣ ወደ ዶሮዋ የተመለሰችው ቴታ ናት።

እንግዲህ ወደ በደሉ ልመለስ። ፈታኞቹ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው ብለው ይጠይቃሉ ስለተባለ፣ አንዱን እሑድ ለእቅድ ሰጠሁት። ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብል፣ እርስዎ ያሉንን አሉኝ። ቀሚስ ነው እንዴ የምመርጥላችሁ ብዬ ጮህኩ። ቀስ በቀስ ተናገሩ። አንዷ ዳቦ ቤት አለች፤ ሌላዋ ሂሳብ ሠራተኛ። ዘምዘም ደሴ ላይ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት እከፍታለሁ፣ ጨው ያለው ድስትና የሌለው ድስት ለየብቻ የሚጣድበት አለች። ደስ አለኝ። ተቀመጪ አልኳት። አልተቀመጠችም።

የእርስዎስ እቅድ፣ እትዬ? አለችኝ።

እኔ አስተማሪ ነኝ አልኳት። አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ አለች። ፈተናው ለእናንተ ነው አልኩ። አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ። ዕድሜዬ አልፏል አልኩ። ስንት ሆነ ብላ ሳባ ከወዲያ ስትጠይቅ አልሰማሁም። መነጽሬ ደክሟል፣ ወገቤ፣ እሑዱን ማን ያስተምራል አልኩ። ያቺ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ፣ በዚያ በለስላሳ ፊቷ፣ አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ካስኩ ሥር ያለችው እንኳ አንገቷን አውጥታ ነው የምትስቀው። መብራት ጠፋ ብዬ በቀን ክፍሉን በተንኩት።

ለእነሱ ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ? ብወድቅስ? ዶራ መንገድ ላይ ቲቸር ብለው ሲጠሩኝ ዞር የምልበት ስም አለኝ። የቀረው ኑሮዬ ሁሉ መወልወያና ባልዲ ነው። ሰባተኛ ክፍልን ያልጨረሰችው ውቢት ከተማሪዎቿ ጋር ተፈትና፣ ተማሪዎቿ አልፈው እሷ ብትወድቅ፣ በየትኛው አፌ ነው በሚቀጥለው እሑድ ሊፕስቲክ የማነሣው?

የፈተናው ቀን ውሃና እርሳስ ተሸክሜ፣ እንደ ሚዜ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ወሰድኳቸው። በር ላይ ስም ይጠራል። ዘምዘም ተባለ፣ ገባች። ቀጥሎ ውቢት! ሞክሼዬ አለች ማለት ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሁሉም እኔን ያያሉ። ለካ ዘምዘም ስትመዘገብ የእኔንም ስም ሰጥታ ኖሯል! ልቆጣ ብል ስሜ እንደገና ተጠራ፤ ልሸሽ ብል ልጆቹ ከኋላ በሩን ሞልተውታል። ያላ እትዬ፣ ያላ እያሉ ገፍተው አስገቡኝ።

ንባቡ ደህና ነበር። ሒሳቡም ደህና ነበር፤ ሩብ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ዛዕተር ሸተተኝ። ከዚያ ደረጃችንን ለማየት ብለው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡን። እኔ ኮምፒውተርን ከውጭ በኩል አሳምሬ አውቀዋለሁ። በየማዳሙ ቤት አቧራውን ስጠርግለት ነው የኖርኩት፤ ከጀርባው በኩል እንደ እኔ የሚያውቀው የለም። ከፊት በኩል ግን ተዋውቀን አናውቅም። የምትፈትነው ልጅ ቆንጅዬ፣ ትሑት፣ ንግግሯ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው። ይህን ትከፍቺያለሽ፣ ያኒ እዚህ ትጫኚያለሽ፣ ከዚያ ስምሽን ትጽፊያለሽ ብላ እንደ ጅረት ወረደችብኝና፣ ፍሂምቲ? ገባሽ? አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቃላችሁ።

ልጅቱ ሄደች። ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻችንን ተፋጠጥን። ሰው እኮ ያልገባው ነገር ፊት ሲቀመጥ እጁ የለመደውን ይሠራል። ሻሼን አወጣሁና ወለወልኩት። ፊቱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን። ልጅቱ ስትመለስ እንደዚያ የሚያበራ ኮምፒውተር በሕንጻው ውስጥ አልነበረም፤ የተጻፈበት ነገር ግን የለም። ጨረስሽ ወይ አለች።  አፌ ሐ ብሎ ሊጀምር ሲል ከጎኔ ሳል ሰማሁ። ዘምዘም ናት፤ ዓይኗን ከራሷ ኮምፒውተር ሳታነሣ፣ በሁለት እጇ አየር ላይ መጥረጊያ ይዛ ወለል ትጠርጋለች።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ማ ፍሂምት አልኩ፤ አልገባኝም፤ ድገሚልኝ። እንደፈራሁት ሰማይ አልተደፋብኝም። ልጅቱ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ድምፅዋንም ሳታነሣ ከመጀመሪያው ጀመረች። በአንድ ጣቴ ስሜን ጻፍኩ። ስሜ በመወልወያ ሳይሆን በጣቴ ሲበራ ያን ቀን አየሁ።

ሁላችንም አለፍን ብል ውሸት ነው፤ ያላለፉት አሁንም መስታወቱ ፊት ናቸው። ዘምዘም አለፈች። እኔም አለፍኩ፤ በኮምፒውተሩ ከጀማሪዎች ጀማሪ ተብዬ።

በቀጣዩ እሑድ ሊፕስቲኬን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ዘምዘም መሐል ወለል ላይ ቆማለች። በእጇ መጥረጊያው አለ። ሳባ ደግሞ የዕለቱን የተቆረጠ ጸጉር ሁሉ ሆን ብላ ሳታነሣ አቆይታዋለች። ዘምዘም ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ እትዬ ውቢት፣ በፈተናው ክፍል ውስጥ ሐደር ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሕጉን ያወጡት ራስዎ ነዎት፣ ሐደር ያለ ይጠርጋል አለችና መጥረጊያውን ዘረጋችልኝ።  

መጥረጊያውን አየሁት። ወለሉን አየሁት። ከዚያ ሻሼን አስተካክዬ፣ ራሴ ባስተማርኳት ቋንቋ፣ ረጋ ብዬ እንዲህ አልኳት፦

«አልገባኝም፤ ድገሚልኝ።»