አቶ ፈንታውና የቆመው ተሳቢ

ከተማ የተባለ ሁሉ ደንብ የሚወድ አንድ ሰው አለው። ደንብ የሚፈራ አላልኩም፤ እሱማ ሞልቷል። እኔ የምለው ደንብን እንደ ልጁ የሚሳሳለትን፣ ሲጥሱበት እህል አልወርድ የሚለውን ነው። አዲስ አበባም አለ፣ ደሴም አለ፤ በጭነት መኪና ያልረገጥኩት አገር የለምና አውቃለሁ። የደብረ ማርቆሱን አቶ ፈንታውን የሚያህል ግን አላየሁም፤ አላይምም።

ክቡርነታቸው የማዘጋጃ ቤት የመንገድ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ደመወዛቸው ትንሽ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ግርማቸው ግን የጠቅላይ ገዥ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከርመዋል፤ ደንቡንም እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። «ማናቸውም ከመኪናው የተፈታ ተሳቢ ከቦዩ ጫፍ ከአምስት ክንድ በላይ ወደ መንገድ እንዳይገባ፤ ከአንድ ቀንም በላይ እንዳይቆም።» ይህን ብለው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና «በከመ ይቤ ደንብ» ብለው ይደመድማሉ። እኛ ሾፌሮች አሜን ማለት ብቻ ነበር የቀረን።

እስቲ ፍረዱኝ። ያን ጊዜ ወደ ቁይ የሚያስገባው መንገድ ለተሳቢ አይሆንም፤ ጭቃው ይውጠዋል። ስለዚህ ተሳቢውን ማርቆስ ላይ ፈትተን፣ በመኪናው ብቻ ገብተን ጤፍ ጭነን እንመለሳለን። ዝናብ ካልጣለ አንድ ቀን፣ ከጣለ አራት ቀን ነው።

«ታዲያ የት ላቁመው አቶ ፈንታው? አናቴ ላይ?»

«ደንቡ ምን ይላል?»

«ደንቡማ የት እንዳይቆም እንጂ የት እንደሚቆም አይልም!»

«እንግዲያው እሱ ያላለውን እኔ ፈንታው ልጨምር? ተው አንተ ታረቀ፣ ተው!»

ሰው ሁሉ «በሕግ አምላክ» ሲባል ባለበት ቀጥ ይላል። እሳቸው የቆመውን ተሳቢ «በሕግ አምላክ ተነሥ!» ይሉታል። እምቢ ሲላቸው ከሰሱት፤ ለቅጣትም ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘውን ብረት፣ እኛ ፔርኖ የምንለውን፣ ነቅለው ወሰዱ። ያለ ፔርኖ ተሳቢ ንቅንቅ አይልም። ሦስት ቀን አሰሩት። በአራተኛው ቀን ፔርኖውን መለሱልኝና፣ ተሳቢው ሦስት ቀን ሙሉ በመንገድ ላይ ስለቆመ ሁለተኛ ክስ ጻፉበት! ኧረ በስመ አብ!

ሦስተኛ ክስ የተጻፈበት ተሳቢ ዳግመኛ ማርቆስን አይረግጥም። የመኪናው ባለቤት አቶ ወልደ ሩፋኤልም ጠርተውኝ፣ «ሦስተኛው የተጻፈ ቀን ቁልፌን አስረክበህ ወደ ቤትህ» ብለውኛል። አምስት ልጅ አለኝ። ከዚያ ወዲያ አቶ ፈንታውን በሩቁ ሳይ ሻይ ቤት ገብቼ እደበቅ ጀመር።

አንድ ሐሙስ ግን ፍሬን ተበላሸብኝና ተሳቢው እስከ ቅዳሜ ቆመ፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። እቴናት የምትባል ጠላ ሻጭ በጥላው ሥር ጋኗን ደርድራለች። አቶ ፈንታውም ከች አሉ፤ በእጃቸው ገመድ! በፊት ጎንበስ ብለው በገዛ ክንዳቸው ነበር የሚለኩት። «ክንድዎ አጭር ነው፤ ይበድለኛል» ብዬ የተከራከርኳቸው እኔው ነኝ። እሳቸውም ነገሩን አስበውበት፣ በየክንዱ ቋጠሮ ያለው ገመድ አበጅተው መጡ።

ዘመኑ ደግሞ የቀላድ ወሬ አገሩን ያሸበረበት ዘመን ነው። መንግሥት የጎጃምን ርስት በገመድ ሊለካ፣ ከዚያ ግብር ሊጭን ነው ይባላል። ገበያተኛው ገመድ የዘረጋ የማዘጋጃ ቤት ሰው ሲያይ ምን ይበል?

«አንተ፣ ምን ትለካለህ?» አለ አንድ ምንሽር ያነገተ ገበሬ።

አቶ ፈንታው ቀና እንኳ ሳይሉ «መንገዱን ነዋ» አሉ።

«ማን አዞህ?»

«መንግሥት።»

አለቀ። «ቀላድ ጣለብን!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ዱላው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ባርኔጣቸው በረረ። ሰውዬው ግን ገመዱን አልለቅም አሉ። «ቋጠሮው ይጠፋብኛል! ተዉኝ፣ አራት ላይ ደርሻለሁ!»

እኔ ከሻይ ቤቱ በር ቆሜ አያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ለአፍታ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት። ለምን እንደሚመቱ አልገባቸውም። ያ ገመድ ደግሞ የኔ አፍ ያመጣው ነው። ሳላስበው ተሳቢው ላይ ወጥቼ ራሴን አገኘሁት።

«በሕግ አምላክ! መሬት አይደለም የሚለኩት! ተሳቢው የኔ ነው፤ ከቦዩ ስድስት ክንድ ወጥቷል፤ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ!»

«እውነቱን ነው!» አለች እቴናት። «ሦስቱንም ቀን በጥላው ሸጫለሁ!» ምስክር ማን ጠየቃት? ግን ሕዝቡ ሳቀ፤ ዱላው ወረደ። ያ ባለምንሽሩ ባርኔጣቸውን አንሥቶ አቧራውን አራግፎ ሰጣቸው።

አቶ ፈንታው ባርኔጣቸውን ደፉ። እርሳስ አወጡ። «ስድስት ክንድ ነው ያልከው?»

«ጌታዬ፣ ከሞት አወጣሁዎት እኮ!»

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን በሕዝብ ፊት አምነሃል፤ እንዴት አልሰማሁም ልበል?» ጻፉት። ሦስተኛ።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ቀረብኩ። ሹሙ ክሱን አንብበው ወደኔ ሲዞሩ፣ አቶ ፈንታው ኩታቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ክሱ ይሰረዝልኝ።»

«ከሳሹ ማነው?»

«እኔ።»

ከዚያ በቀኝ ቆመው ይከሳሉ፣ በግራ ቆመው ይከራከራሉ። ገመዱ በቢሮው መለኪያ አልተመሳከረም አሉ። ሰው ነፍስ ለማዳን የተናገረው ቃል እንደ እምነት አይቆጠርም አሉ። ወደ ቀኝ ዞረው ራሳቸውን ተቃወሙ፣ ወደ ግራ ተመልሰው ራሳቸውን ረቱ። ሹሙ በመጨረሻ ክሱን ቀድደው «ሦስታችሁም ውጡልኝ!» አሉ። እኔን ጨምሮ የነበርነው ሁለት ነን።

ደጅ ስንወጣ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ያዙኝ።

«ታረቀ፣ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። ስለኔ ብሎ የተናገረ ሰው አላውቅም።» ኩታቸውን አስተካከሉ። «ተሳቢው ግን ይነሣ።»

«አነሣዋለሁ።»

«የት ታቆመዋለህ?»

ይህን ጥያቄ ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱና የገዛ አጥራቸውን ሁለታችን አፈረስነው፤ ተሳቢው ከጎመናቸው አጠገብ ገባ።

ከዚያ በኋላ ማርቆስ ባደርኩ ቁጥር እዚያው ነበር የማቆመው። ጠዋት ስመጣ አቶ ፈንታው ጎንበስ ብለው ተሳቢው ጎመኑን ስንት ክንድ እንደተጋፋ ይለካሉ፤ ተቆጥተውም ይቆጡኛል። እኔም እንዳይከፋቸው ብዬ ሁልጊዜ ትንሽ አሳልፌ አቆምላቸው ነበር።